የሰሊና እግር

ኬዛያ ቶሊ ቤት በሚባል ነገር ውስጥ አድራ አታውቅም። ጀልባ ላይ ተወለደች፣ ጀልባ ላይ ዳኸች። እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ ጀልባዋን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ አስረው ቀበሯትና ከቀብር መልስ ጉዞ ቀጠሉ፤ ከሰሉ ይጠበቃላ። አባቷ አሞስ ለጀልባ በተቆፈረው ቦይ ዳር፣ ጀልባዋን በገመድ የሚስበውን ፈረስ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እሷ ከኋላ ቆማ መሪውን ትይዛለች። ከበርሚንግሃም ከሰል ጭነው ወደ ለንደን፣ ከለንደን ያገኙትን ጭነው ወደ በርሚንግሃም። ሁለት ሰው ከሌለ ጀልባ አይሄድም፤ ጀልባ ካልሄደ ደግሞ አሞስ ሥራም ማደሪያም የለውም።

ለእንዲህ ያለችው ልጅ ፍቅር መርጦ መርጦ ያመጣላት የውሃ በር ጠባቂ ሆነና አረፈው። የውሃ በር ጠባቂ ማለት ከተወለደበት ደጃፍ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። ቦዩ ዳገት ሲገጥመው ጀልባ በሁለት ትልልቅ የእንጨት በሮች መካከል ትገባለች። ከኋላዋ ይዘጋባታል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅላታል፣ ከውሃው ጋር ብድግ ትልና የላይኛው በር ተከፍቶላት ትሄዳለች። ጠባቂው እዚያው ይቀራል።

ኤድዊን ፓስክ ይባላል። ሥራውንም፣ ከሥራው ጋር የምትሰጠውን ከበሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤትም ከአባቱ ነው የወረሰው። ረጅም፣ ጆሮ ትልቅ፣ ዝምተኛ። መጀመሪያ የተነጋገሩት በጭቅጭቅ ነው። ጀልባዋ የውሃውን በር ግድግዳ ገጨችበትና ቀስ በይ አላት። እሷም ጀልባ ነድቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አላውቅም ሲል፣ «እንግዲያው ዝም ብለህ በርህን ዝጋ» አለችው። ሳቀና ዘጋ።

ከዚያ ውሃው መሙላት ጀመረ። እሷ ከታች ቀስ እያለች ወጣች፤ በቅድሚያ ባርኔጣዋ፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ ከንፈሯ። ኤድዊን ከላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፊት ለፊት ተያዩ። በሩ ተከፈተ፣ ፈረሱ ሳበ፣ ሄደች። እስከ ማታ መሪውን በትክክል የያዘችው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ያ የውሃ በር ሰነፈ። ድሮ አንድ ስኒ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ የሚሞላው፣ የቶሊ ጀልባ ስትገባ ብቻ ያዛጋ ጀመር። ኤድዊን የውሃውን መልቀቂያ በግማሽ እየከፈተ ነበር። እነሱ ወሬ ይዘዋል፤ ወሬ ከተባለ፤ ከግማሽ በላዩ መተያየት ነው። ከኋላ ወረፋ የያዙት ይራገማሉ። አንዲት አፈኛ ባለ ጀልባ አንድ ቀን፣ «ኤድዊን፣ በማንኪያ ነው እንዴ የምትሞላው?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችበት። እሱ ጆሮው ቀላ እንጂ መልቀቂያውን ንክች አላደረገውም።

አሞስ ግን አልሳቀም። ፈረሱን አስሮ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ የቀረውን ግማሽ በገዛ እጁ ከፈተና ተመለሰ።  

በጥር ቦዩ በረዶ ሆነ። ጀልባ ሁሉ ባለበት ተቸነከረ፣ የቶሊ ጀልባም ከኤድዊን በር ሥር። ለኬዛያ ሰርግና ምላሽ መሆን ነበረበት። በየቀኑ ቤቱ ትሄዳለች፣ ሻይ ያፈላላታል፣ የቀባውን ግድግዳ፣ ለባቄላ የቆፈረውን መደብ በመስኮት ያሳያታል። ትወደዋለች። ወንበር ላይ መቀመጥ ግን አቃታት። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። ወለሉ አይነቃነቅም። ግድግዳው ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። በሦስተኛው ቀን ታገቢኛለሽ ወይ አላት። አዎ ልትል አፏን ከፍታ፣ አባቴን ልጠይቅ ብላ ወጣች።

አሞስ የጀልባዋ ምድጃ ላይ ሥጋ እየጠበሰ ነበር። ሰማትና መጥበሻውን አወረደ።

«እኔ የት እንደተወለድኩ ታውቂያለሽ?»

«ጀልባ ላይ ነዋ፣ አባዬ።»

«ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት።»

ከዚያ እስከዛሬ ያላወራውን አወራላት። እናቱ ሰሊና አንድ ጡብ ሰሪ ወደደች፤ እፍ ክንፍ ብላ ከጀልባ ወርዳ ቦዩ ዳር ቤቱ ገባች። አንድ ዓመት ኖረች። ጫማዋን አታወልቅም፣ ማልዳ ድልድይ ላይ ቆማ ጀልባ ትቆጥራለች። አንድ ቀን የዘመዶቿ ጀልባ ሲያልፍ፣ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ እንደተጣደ፣ ሕፃኑን አሞስን ታቅፋ ዘላ ገባች። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይመታት ነበር?» አለች ኬዛያ።

«ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ክፉ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ ሰበብ ይሆናት ነበር።» አሞስ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ። «የእሷ እግር ነው ያለሽ። ዘር ከልጓም ይስባል። ይህን የምነግርሽ ብቻዬን ጀልባ መንዳት ስለማልችል ብቻ አይደለም። እሱም አለበት፣ አልዋሽሽም። ግን የዚያ ልጅ ነገር አሳዘነኝ። ሌላ ሰው ደግሞ በር ላይ እንዲቆም አልፈልግም።»

እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አባቷን ብትቆጣ ደስ ባላት፤ ነገር ግን በእግሯ እሷም አትተማመንም። ኤድዊንን ብታጣው ልቧ ይሰበራል፤ ብታገባውና ጥላው ብትሄድ የእሱ ይሰበራል። የራሷ ይሻላል አለች።

በረዶው በቀለጠ ጠዋት ጀልባዋ በሩ ውስጥ ገባች። ኤድዊን መልሷን ከፊቷ አነበበ፤ መልቀቂያውንም እስከ መጨረሻው ከፈተው። ውሃው በጥድፊያ ሲሞላ እሷም በጥድፊያ ነገረችው፤ ሰሊናን፣ ጡብ ሰሪውን፣ ማንቆርቆሪያውን። ሳያቋርጣት ሰማ።

«ተከተላት?» አለ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ሰውየው።»

«ቤት ነበረው እኮ። የት ይሄዳል?»

ኤድዊን ዞሮ ቤቱን ትኩር ብሎ አየው። ሥራውን ከለቀቀ በሳምንቱ ሌላ ጠባቂ እንደሚገባበት ያውቃል፤ አባቱ የሞተበት አልጋ እንኳ የቦዩ ባለቤቶች ንብረት ነው። ኬዛያን አሳዘናት። ለምን ነገርኩት ብላ ተጸጸተች።

«ዕድሜ ልኬን እዚህ ቆሜ ሰው ስሸኝ ኖርኩ» አላት። «ከዚያ ማዶ ከሚታየው ድልድይ ወዲያ ምን እንዳለ አላየሁም።»

«ባቄላህስ?»

«የሚመጣው ሰው ይብላው።»

«ጀልባ አትችልም፣ ኤድዊን።»

«አሳዪኛ።»

ለአለቃዬ ከሚቀጥለው መንደር እነግረዋለሁ አለና የላይኛውን በር ከፈተ። አሞስ ከፊት፣ ነገሩን ሁሉ ሳያይ፣ ፈረሱን ሂድ አለው። ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች፣ ኤድዊን ዘሎ ከኬዛያ ጎን ቆመ። እጇን ያዘ። 

ጥቂት እንደሄዱ ሁለቱም እኩል ወደ ኋላ ዞሩ። በሩ እንደተከፈተ ነው። በጀልባ ሰዎች ዘንድ በር ሳይዘጉ መሄድን የመሰለ ነውር የለም፤ የሌላውን ውሃ ማፍሰስ ነው። ለሁሉም ሲዘጋ የኖረው ሰው ደግሞ ጀልባው ላይ ነው።

ኬዛያ መሪውን አስጨበጠችውና ወደ ዳር ዘለለች። ሮጣ በሩ የሚገፋበትን ረጅም ግንድ በጀርባዋ ገፋች፤ እያቃሰተ ተዘጋ። ቀና ስትል ጀልባዋ ርቃለች። ልቧ ድንግጥ አለ። በቶሊ ዘር ወንድ በጀልባ ሲሄድ ከበር ቆማ ያየች ሴት እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ መሮጥ ጀመረች።

አሞስ ገመዱ ፈረሱን ወደ ጎን ሲጎትተው ዞረ። የጀልባው አፍንጫ ሸምበቆ ውስጥ ተሰክቷል፣ ልጁ በየብስ እየሮጠች ነው፣ መሪውን የያዘው ባለ ትልቅ ጆሮው ነው፤ ያውም በተቃራኒው።

አሞስ ልጅ ሳለ ጀልባቸው በዚያ ጡብ ሰሪ መንደር ባለፈ ቁጥር፣ እናቱ ወደ ጀልባዋ ክፍል ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ እሱ አንድ ሰው እየሮጠ ይመጣ እንደሆነ ወደ ኋላ ያይ ነበር። መንደሩ ከዓይኑ እስኪጠፋ ያያል። ማንም አልመጣም።

ፈረሱን አቆመ። ከሰሉ ይጠበቃል፣ ሰዓቱም ሄዷል፤ ግን አቆመው።

«መሪውን ወደ ደረትህ ሳበው፣ ልጄ» አለው ኤድዊንን።