ጥዱ ጋ ጉልበት የሚያጣው ስኩተር

ሌሊት ነበር ብዬ ብጀምር ይቀለኝ ነበር። ሌሊት አልነበረም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታው አሰላ። ከጭላሎ ተራራ የወረደ ጉም ከተማውን ሸፍኖታል፣ ግን ቀን ነው። ሱቆች ተከፍተዋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው።

"ፈጠራ ነው" የምትሉ በሉ፣ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም እንደዛው ነበር የምለው።

እንደሻው እባላለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሞተር ሳይክል ጠግኛለሁ። ጂን ምናምን ሲሉኝ ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ። አፌ ትንሽ ይበዛል፣ አልክድም። አንድ ሌላ ጥፋትም አለብኝ... "አላውቀውም" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ደንበኛ ፊት "ችግሩን አላገኘሁትም" ከምል ብሞት ይሻለኛል።

ይቺን ያዙልኝ።

ሀጂራ ገበያው ጋ ጨርቅ የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጇን ፈይሩዛን ስኩተሯ ላይ ከኋላዋ አስቀምጣ ጠዋት ታወርዳታለች፣ ከሰዓት ትመልሳታለች።

ያቺን ልጅ እንዴት እንደምወዳት! ጋራዡ በር ላይ ገና ሳይቆሙ እጇን ትዘረጋለች። "ጋሼ፣ ኩሽኔታ!" ያረጀ ኩሽኔታ፣ ጎማ የሚያሽከረክረውን ክብ ብረት፣ ፈልጌ እሰጣታለሁ። እሱን በጣቷ እያሽከረከረች ወሬዋን ትለቀዋለች። አንድም ቀን ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት ሀጂራ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"እንደሻው፣ ሞተሩ ጉልበት እያጣ ነው።"

"የት የት?"

"ዳገቱ ላይ ብቻ። ጥዱ ጋ ስደርስ ይደክማል። ትናንት ከኋላዬ ሲኖትራክ ነበረ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ለጥቂት ነው የሳተን። ወላሂ፣ ልጄን ላስፈጃት ነበር!"

ጥዱ መታጠፊያው ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው። ከሱ ወዲያ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ገደልም አለው። እዛ ላይ ሞተር ጠፋ ማለት ቀልድ አይደለም።

ፈይሩዛ ኩሽኔታዋን እያሽከረከረች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣

"ስለሚጠበን ነው" አለች።

"ምኑ ነው የሚጠባችሁ አንቺ ወሬኛ?"

"መቀመጫው ነዋ። መሀላችን ትገባለች'ኮ።"

"ማን?"

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እናቷ ተቆጥታ።

ከዛ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ከሁለት ሳምንት በፊት... በዝናብ... አንዲት አሮጊት ጥዱ ስር ቆመው እጃቸውን አነሱልኝ።"

"እሺ?"

"'እማማ፣ ልጅ ይዣለሁ፣ ቦታ የለም' ብዬ አለፍኳቸው።"

በእኛ መንገድ ዝናብ ላይ የቆመ ትልቅ ሰው አይታለፍም። ሦስትም እንሁን አራት፣ ተጠጋግተን ነው የምንሄደው። ሀጂራም ይሄን አሳምራ ታውቃለች። ለዚህ ነው ዓይኗ እንባ ያቀረረው።

"ዞር ብዬ ሳያቸው" አለች፣ "እጃቸውን አላወረዱም።"

ሳቅኩባት። "የሞተር በሽታ ነው እቴ! ነገ ሽው ብለሽ ትወጪዋለሽ" አልኳት።

ስኩተሩን ትተውልኝ ሄዱ፣ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ፈታሁት። የአየር ፊልትሮውን አጸዳሁ። ካንዴላውን ቀየርኩ። ካርቡራተሩን አጠብኩ። ቤንዚኑን ቀድቼ ውሃ እንዳለው አየሁ፣ የለውም። ቺንጋው አልላላም። ፍሬኑ ሳልነካው ጎማውን አይዝም። የጭስ ማውጫው ማርሚታ አልተደፈነም።

ምንም የለውም!

በሽታ የሌለው ሞተር እንዴት ይደክማል?

የቀረኝ የጠመኔው ዘዴ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው ያሳዩኝ። የኋላውን ክብደት የሚሸከመው አሞርዛተር ዘንግ ላይ ጠመኔ ትቀባለህ። ሰው ሲቀመጥ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባና ጠመኔው ይፋቃል። ስንት ጣት እንደተፋቀ ትለካለህ። ደንበኛ "ብቻዬን ነው የምነዳው" ብሎ ሲዋሽ የምንይዘው በዚህ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጣት ነው። አንድ ሰው ከነልጁ ሦስት። ሁለት ትልልቅ ሰው አራት።

ጠመኔውን ቀብቼ ብቻዬን ወጣሁ። አራት ሰዓት ነበር።

ከተማው መውጫ ላይ ቆሜ ለካሁ። ሁለት ጣት። ልክ ነው።

ጉሙ እየወፈረ መጣ። ካፊያ ጀመረ። ሞተሩ ደህና እየጎተተ ነው... ደህና... ደህና...

ጥዱ ጋ ስደርስ ቁጭ አለ።

ነዳጅ ሰጠሁት። ድምጹ ይጮኻል፣ ስኩተሩ ግን አይሄድም። የኋላ ጎማው እንደ ተረገጠ ያህል ዝቅ ብሏል።

ቆምኩ። ወረድኩና ጎንበስ ብዬ ጠመኔውን አየሁ።

አራት ጣት።

"ጉድጓድ ዘልዬ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። ጉድጓድ አልዘለልኩም። አውቃለሁ።

ቀና ስል መቀመጫውን አየሁት። ካፊያው ሁሉንም አርሶታል። እኔ የተቀመጥኩበት እንኳን ከወረድኩ በኋላ ነጠብጣብ ይዟል።

ከኋላ ያለው ቦታ ግን ደረቅ ነበር።

ዝናቡ እየወረደ ነው... እሱ ግን አይረጥብም። እጄን ሰድጄ ነካሁት።

ይሞቃል።

መሮጥ ነበረብኝ፣ እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? መለማመጥ ጀመርኩ። ትልቅ ሰው የጫንኩ ይመስል!

"እማማ... እባክዎ ይውረዱ። ይሄ የልጅ ቦታ ነው። የፈይሩዛ ቦታ ነው።"

ዝም።

ከዛ ጆሮዬ ስር፣ በሹክሹክታ...

"የልጅቷ ቦታ... የቱ ነው?"

እኔ ጅሉ፣ እኔ አፈኛው፣ መቀመጫውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት።

"ይኸው፣ ይሄ ነው።"

"እሺ... ልጄ።"

ስኩተሩ ሲጥ ብሎ ከፍ አለ። ደረቁ ቦታ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ አረፈች።

ዳገቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ሞተሩ ቀሎት እንደ ወፍ በረረ። ስመለስ ጠመኔውን አድሼ ለካሁ፣ ሁለት ጣት።

ከሰዓት ሀጂራ መጣች። ልቧ ተሰቅሏል።

"አገኘኸው?"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "ሀጂራ፣ አላውቀውም፣ ልጅሽን በሱ አትጫኚ" ማለት ነበረብኝ። ከአምስት ቃል አይበልጥም።

"ካርቡራተሩ ነው!" አልኳት። "ቆሻሻ ዘግቶት ነበር። አሁን ያለ ሐሳብ ልጅሽን ጫኚ።"

ፈይሩዛ ኩሽኔታዋን ተቀብላ ከእናቷ ኋላ ወጣች። እየሄዱ እጇን አወዛወዘችልኝ። "ቻው ጋሼ!"

ድምጿን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው... መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት እየዘነበ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ሀጂራ ጥርሷ አይከደንም።

"እጅህ ይባረክ! ጥዱን እንዴት እንደወጣሁት ብታይ! ልጄ ከኋላዬ መኖሯ እንኳን አልተሰማኝም።"

ፈይሩዛ አልወረደችም። እጇን አልዘረጋችም።

"ፈይሩ፣ ኩሽኔታ የለም ዛሬ?"

ዝም ብላ አየችኝ። እናቷ "ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት፣ ብርድ መቷት ይሆናል" አለች።

ያየሁ እንዳይመስልባት ጎማ የምነካ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እንደተቀመጡ ዘንጉ ስንት ጣት ወደ ውስጥ እንደገባ በእጄ ለካሁ።

ሁለት ጣት።

እናትና ልጅ ተቀምጠው... ሁለት ጣት።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። የልጅቷን ቀሚስ አልፌ መቀመጫውን አየሁት። ዝናቡ በሷ ውስጥ አልፎ መቀመጫው ላይ ይንጠባጠባል። የተቀመጠችበት ቦታ ረጥቧል፣ ማንም እንዳልተቀመጠበት።

"ሀጂራ..." አልኩ።

ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሀጂራ ሞተሯን አስነሳች። ሄዱ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልንገራት? "ልጅሽ ልጅሽ አይደለችም" ልበላት? ፈራሁ። ቁርጡን ስናገር፣ ፈራሁ።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የራሴን ሞተር ሳይክል አወጣሁ። ዘንጉን ጠመኔ ቀባሁት። ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጥዱ ጋ አሮጊቷን ፈልጌ፣ እኔው ጭኛት፣ ልጅቷን እንድትመልስ እለምናታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

አራት ሰዓት ላይ ጥዱ ጋ ደረስኩ። ጉም ነው። ካፊያ ነው። እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ...

ሞተሩ ደከመ።

ግን ትንሽ ብቻ። እንደ ረቡዕ አይደለም።

ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ለካሁ።

ሦስት ጣት።

የኋላ መቀመጫው ላይ ደረቅ ቦታ አለ። ሁለት መዳፍ የምታህል።

"ማነው?" አልኩ።

"ጋሼ..."

አምላኬ!

"ጋሼ፣ በረደኝ። ቤት አድርሰኝ።"

አለቀስኩ። እዛው መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዛ ተቀመጥኩ፣ "ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ ፈይሩ" አልኳት፣ ዳገቱን ወጣሁ። አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞርኩም። መንገዱን ሙሉ ሳታቋርጥ አወራችኝ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኩሽኔታዋ፣ ስለ ፈተናዋ።

ሀጂራ ግቢ ደርሼ የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ።

በሩ ተከፈተ። የከፈተችው ፈይሩዛ ናት።

ቀይ ሹራቧን ለብሳለች። ፀጉሯ ተሠርቷል። እኔን አላየችም። በጎኔ አሻግራ ወደ ሞተሩ መቀመጫ ተመለከተች።

ሀጂራ ከውስጥ ተጣራች። "ፈይሩ፣ ማነው?"

"ማንም የለም እማ" አለች ልጅቷ።

ከዛ በሩን እየገፋች፣ በዛ በማውቀው ሹክሹክታ፣

"ልጄ... ቦታ የለም።"

በሩ ተዘጋ።

ከኋላዬ ሁለት ትንንሽ እጆች ጃኬቴን ጭምድድ አድርገው ያዙ።