ከጣቶቿ ሥር

«ጣቶቿ ይደነዝዛሉ? ጠይቂልኝ እስቲ» አለች የእግር ባለሙያዋ ጋሊት።

ሻቄድ ጥያቄውን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ መለሰችው። እናቷ የሺመቤት ካልሲዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። «ኧረ ምንም የለኝም በያት» አለች ቶሎ ብላ።

ሻቄድ ግን እናቷ ከፋብሪካ በተመለሰች ቁጥር የእግር ጣቶቿን እያሸች «እንደ እንጨት ደረቁብኝ» ስትል ትሰማለች። ከጣቶቿ ሥር ያለው ውስጥ እግሯ ሲያማት ወራት አልፈዋል። ዛሬ ጠዋት እዚሁ እስራኤል ውስጥ ከሚኖሩባት ከተማ ከቂርያት ማላኺ ወደ ያቭነ ሲመጡ፣ አውቶቡሱ ገዴራ ላይ ሰው ሲያወርድ፣ እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ነበር። «ትንሽ ነው የሚያማት በያት፤ እሺ? ቆማ መሥራት አትችልም ተብሎ ከተጻፈብኝ ከሥራ ያስወጡኛል።» ሻቄድም «ቤሰደር፣ እሺ እማ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ያኔ ቀላል መስሏት ነበር።

«የለም ትላለች» አለች አሁን፣ ዓይኗን ከጋሊት እያሸሸች።

«ያላ፣ በይ እዚህ ላይ ትቁምልኝ» አለች ጋሊት።

የሺመቤት ወለሉ ላይ በተነጠፈው ስስ ሰሌዳ ላይ ቆመች። ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት እግሮች በቀለም ተሳሉ። ተረከዙ ቢጫ፣ መሀሉ ሰማያዊ፣ ከጣቶቹ ሥር ግን ደማቅ ቀይ። ሻቄድ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሳች።

«ቀዩ ምንድነው?»

«ክብደቷ በብዛት የሚያርፍበት ቦታ ነው።» ጋሊት ከመሳቢያዋ ለማሳያ የሚሆን ሚድራሲም አወጣች፤ ጫማ ውስጥ የሚገባ የእግር ድጋፍ ነው። መሀሉ ላይ እንደ አተር ክክ ጎበጥ ያለ ነገር አለው።

ሻቄድ ከእናቷ እግር ጋር አስተያየችው። «ይሄ ጉብታ እኮ ቀዩ ቦታ ላይ አይደለም። ወደ ኋላ ነው ያለው!»

«ጎበዝ! የሚያማት ላይ ቢሆን ጭራሽ ይጫናታል። ከኋላ ሆኖ አጥንቶቹን ደገፍ ሲያደርግ ግን ክብደቱ ይከፋፈላል። በአጥንቶቹ መሀል ደግሞ ነርቭ አለ። እሱ ከተጨመቀ ጣት ይደነዝዛል። እንደዚያ ከሆነ የማዝዘውም ይለያል፤ ሐኪምም እንዲያያት እልካታለሁ።»

ሻቄድ ወደ እናቷ ዞራ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። «እማ፣ በአንቺ ፋንታ አልናገርም፤ እግሩ ያንቺ ነው። የለም በያት ካልሽኝ ግን ከእንግዲህ አልልም።»

«ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

«ያኔ ይሄን አላወቅኩም።»

የሺመቤት ቀዩን ሥዕል አየችው። «የምትጽፈው ለፋብሪካው ይሄዳል ወይ? በያት።»

ጋሊት በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። «ማዘዣውን የምሰጠው ለሷ ነው። ለማን እንደምታሳየው የሷ ፈንታ ነው።»

የሺመቤት ጎንበስ ብላ ሁለት ጣቶቿን ያዘች። «እነዚህ ከቀትር በኋላ የኔ አይመስሉኝም። የሥራ ጫማዬም ከፊቱ ይጠበኛል።» ሻቄድ ቃል በቃል ተረጎመችው። ጋሊት የጀመረችውን ማዘዣ አጥፍታ እንደ አዲስ መጻፍ ያዘች።

ሚድራሲሙ ተሠርቶ ሲደርስ ተመልሰው ሄዱ። እስከዚያው የሺመቤትን ሐኪም አይቷታል፤ አለቃዋን ጠይቃም ሰፊ ጫማ ተቀይሮላታል። ሚድራሲሙን መጀመሪያ ስትረግጠው «ጠጠር የገባብኝ ይመስላል» አለች። ጋሊት ጉብታውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋችውና እንደገና እንድትራመድ ነገረቻት። የሺመቤት ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ጥግ ደርሳ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች።

«እንዴት ነው? አሁንም ያማታል?» አለች ጋሊት።

ሻቄድ «ደህና ነው» ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ከዚያ አፏን ገጥማ በሩን ተደገፈችና እናቷ ተራምዳ ጨርሳ ራሷ እስክትናገር ጠበቀች።