ያልታወጀው ብይን

ሰብሳቢው በስብሰባው ክፍል ወለል ላይ ተንጋለው፣ ሞተው ተገኙ፤ ማጅራታቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ መትቶታል። አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚቀርጹ ሦስት ባልደረቦቻቸውን ሲያሟግቱ ውለው፣ ብይኑን በማግስቱ ጠዋት ሊያሰሙ ቀጥረው ነበር።

ሙግቱ አንድ ነው፦ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ፊደል ቢገባ፣ ቋንቋው ራሱ አርሞ ይለፈው ወይስ ሥራውን ያቁም? «ይለፈው» ባዩ ችኩሉ የተባለው ወጣት ነበር፤ «ያቁም» ባይዋ ሰብሳቢው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ። ሦስተኛው፣ የስብሰባው ጸሐፊ፣ ወገን አልያዘም።

ፖሊሶች ችኩሉን ይዘውታል፤ «ሽማግሌው ካልሞቱ ይህ ቋንቋ አይወለድም» ማለቱ ተሰምቷልና።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው!» አለ ለመርማሪው። «ምላሴ ረጅም ነው እንጂ ጌታዬ፣ እጄ ሰው አይነካም።»

መርማሪው ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ብይኑ ምን ነበር?»

«ማንም አልሰማም፤ ይዘውት ሄዱ።»

«የተረታ ሰው ምን ይሆናል?»

«የረታውን ሐሳብ ለተማሪ የሚያስረዱ ምሳሌዎችን ይጽፋል። ቂም እንዳይዝ ያወጡት ልማድ ነው።»

የእህታቸው ልጅ ዓይኗ አብጦ ትጽፍ ነበር። መርማሪው ከኋላዋ ቆሞ አነበበ።

«በሐዘንም ይሠራል፣ ልጄ?»

«ካልሠራሁ አብዳለሁ።»

ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ችኩሉ መርታቱን ቢያውቅ አይገድልም፤ ባያውቅ እስኪነጋ ይጠብቃል። ጸሐፊው የሚያጣው የለም። አንቺ ግን የምትጽፊው ቋንቋው ስህተትን ራሱ አርሞ ሲያልፍ የሚያሳዩ ምሳሌዎችን ነው። መረታትሽን ማን ነገረሽ?»

እጆቿ ጭኗ ላይ ወደቁ።

«አጎቴ ራሳቸው። ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ፣ ከሰው በፊት ከእኔ ስሚው አሉኝ። ብይኑን እንዲለውጡ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉኝ፤ ገፋኋቸው። ሲወድቁ ፈርቼ ሮጥኩ። ምሳሌዎቹን የጻፍኩት . . . ከእንግዲህ ልታዘዛቸው የምችልበት ሌላ ነገር ስላጣሁ ነው።»

«እኔን ሲያስሩኝስ፣ እህቴ?» አለ ችኩሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አየሁህ። ዝም አልኩ።»

ከዚያ ቀና ብላ መርማሪውን ተመለከተች። «ያን ጊዜ ሰው ብጠራ ኖሮ፣ ይተርፉ ነበር?»

መርማሪው አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የነገረውን ያውቃል። ምሕረት የሚመስል ውሸት እምላሱ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው።

«አዎን ልጄ» አላት፤ «ይተርፉ ነበር።»