ሁለት ቀለም ዘይት

ሟቹ ከቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር የተገኘው። ልጁ ተጠርታ ስትደርስ አንሶላ አልብሰውታል፤ አንድ እግሩ ብቻ ከነጫማው ወጥቶ ይታያል። መርማሪው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ሶል በጣቱ ጠረገና ጣቱን ወደ ብርሃን አነሳ። ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት ነው። ቀጥሎ የሟቹን እጅ ገልጦ ጥፍሮቹን አየ። እዚያ ሥር የገባው ዘይት ግን እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነበር።

«ደረጃው ደረቅ ነው» አለ ለራሱ ያህል።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የሰፈሩን ግማሽ መሪ ያስጨበጠው በአንዲት አሮጌ መኪናው ነበር። ልጁንም ያስተማራት በእሷው ነው፤ ዛሬ የዕቃ ማመላለሻ እየነዳች ትተዳደራለች።

«ከአባትዎ ጋር ሰሞኑን ተጋጭተው ነበር?» አላት መርማሪው።

«ኧረ በጭራሽ!»

እናቷ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ምነው ትዋሻለሽ? እንግዳ ፊት አዋርደሽው አይደል የሄድሽው?»

የልጅቱ ፊት ነደደ። ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ተናገረች። ከሳምንታት በፊት፣ ምሳ ላይ ነበር። አባቷ፣ እናቷ፣ ልብስ ሰፊው ተከራይና የአባቷ የዕድሜ ልክ ወዳጅ መካኒኩ ተሰብስበው ሳለ «ሲንቴቲክ የሚሉትን አዲሱን ስስ ዘይት ብታደርግላት ሞተሯ ይታጠባል፣ ጭሷም ይቀንሳል» አለችው። አባቷ «አስተምሬሽ አስተማሪዬ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ደሟ ፈልቶ «እንግዲያው ከነመኪናህ ዛግ!» ብላው ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ስልክም አልደወለችም።

መርማሪው ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። ክፍሉ ከመኪና ማቆሚያው ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«በጭሷ ስንቴ ተነታርከናል፤ አልክድም» አለ ተከራዩ። «የሰው ልብስ ያጠቁርብኛል። ጠዋት ጩኸት ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ ግን ስፌቴ ላይ ስለነበርኩ አልለየሁም። የቤቱ እመቤት ደግሞ ገበያ ነበሩ። ብወጣ ኖሮ…» አንገቱን ደፋ።

መካኒኩ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዡ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«የመኪናዋን ዘይት የሚቀይረው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ? በወፍራሙ ዘይት አንድ ጠብታ ሳታፈስ አኖርኳት። ይቺ ልጅ ያን ስስ ነገር አመጣችና ይኸው ማንጠባጠብ ጀመረች።»

«እኔ አልነካኋትም ጋሼ!» አለች ልጅቱ።

ማንም የሰማት አይመስልም። እናቷ እንኳ ፊቷን አዞረችባት።

«መኪናዋን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?» አለ መርማሪው።

«ሳምንታት ሆኖኛል።»

መርማሪው ግቢውን ዞሮ፣ ማዶ ድረስ ደርሶ ተመለሰና ሁሉንም ወደ መኪና ማቆሚያው ጠራቸው። ከመኪናዋ ሥር ሰጋቱራ ተበትኗል። መርማሪው ሰጋቱራውን በጫማው ገፋ አደረገው፤ ወለሉ ያብለጨልጫል። የዘይት መለኪያውን መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገ። ማር የመሰለ ዘይት።

«የሞተው እዚህ ነው» አለ። «አዳልጦት ወድቆ፣ በኋላ ነው ወደ ደረጃው የተወሰደው። ሲንቴቲኩ የዘመናት ቆሻሻ አጥቦ አወጣ፤ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱትን ያረጁ የሞተር ጎማዎች ደፍኖ የያዛቸው ግን ያው ቆሻሻ ነበር።»

ሁሉም ልጅቱን አዩአት።

«ዘይቱን የቀየረው ግን ራሱ ሟቹ ነው። አዲስ ዘይት ሶሉ ላይ፣ አሮጌው ጥፍሩ ውስጥ። ቆሻሻውን ይዞ የጠቆረውን አፍስሶ እንደገና አዲስ የሞላው በገዛ እጁ ነው። የአዲሱን ዘይት ባዶ ጄሪካንም ከውኃው በርሜል ኋላ አገኘሁት፣ በዚህ ተጠቅልሎ» ብሎ ዘይት የጠጣ ልብስ ዘረጋ።

«ፒጃማው ነው!» አለች እናቷ። «ጠፋኝ ብሎ እኔን ፈልጊ ሲለኝ ከረመ እኮ።»

«ሴት ልጁ ፊት ስቆ፣ ተሸሽጎ ቀየረ። ማንጠባጠብ ስትጀምርም ለማንም አልተናገረም።» መርማሪው ወደ መካኒኩ ዞረ። «ጠይቄያለሁ፤ እመቤት መንጠባጠቧን አያውቁም ነበር። ተከራዩም አያውቅም። ልጅቱ አልመጣችም። መኪናዋን ካዩ ሳምንታት የሆነዎት እርስዎ ግን ያውቃሉ። ሰጋቱራ ደግሞ እዚህ ቤት የለም፤ የእርስዎ በር ላይ ግን በጆንያ ተቀምጧል።»

መካኒኩ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ።

«ጠዋት ስገባ ወለሉን ሲጠርግ አገኘሁት። ‹ከእኔ ደብቀህ? ናቅኸኝ?› አልኩት። አፈረ። ‹ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው፣ ጭሷ ቀነሰ› አለኝ። ገፋ አደረግሁት… ትንሽ ነው የገፋሁት። ዘይቱ አዳለጠው።»

«ሰው አትጠራም ነበር፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«ወዳጁን ገደለ መባሉን ፈራሁ። አፈርኩ፣ ልጄ። ተሸክሜ ወሰድኩት።»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ስትሸከመው ይተነፍስ ነበር?»

መካኒኩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ወጣ። መርማሪው መካኒኩን ክንዱን ይዞ አነሳው።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«እውነቴን አልነበረም» አለች ልጅቱ። «አሮጌ ሞተር ሲሆን ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት የሞተሩ ጎማዎች ይታያሉ። አውቅ ነበር። ሲስቁብኝ ተናድጄ ግማሹን ሳልነግረው ወጣሁ።»

«እኔ ደግሞ አንቺን ጠረጠርኩ» አለች እናቷ። «የወለድኩሽን።»

«እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር፣ እማዬ።»

እናቷ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም፤ እጇን ግን ዘረጋችላት። ልጅቱ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገችው፤ ከዚያ በኋላ ነው የእናቷን እጅ የያዘችው።