ወላይትኛ የማያውቀው ማጣሪያ

እኔ ስለ ጥላና ስለ መንፈስ ሲወራ መሳቅ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ባይ ነበርኩ፣ አሁን የምነግራችሁን ያኔ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ምን ጠጥተህ ነው?» ነበር የምለው።

ኢሕአዴግ እያለ ነው፣ ሶዶ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት በአይቲ ሠራተኛነት ቀጥሮኝ ነበር። የኢሜይል ሰርቨራችን በስፓም ተጥለቀለቀ፣ ሎተሪ ደረሰዎት የሚለው፣ የክኒን ማስታወቂያው፣ ምኑ ቅጡ፣ አለቃዬ ሲነዘንዘኝ ማጣሪያ ጫንኩ። ማጣሪያው ለእያንዳንዱ መልእክት ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ሲበዛ መልእክቱን ለብቻው ያግተዋል። ብዙም ሳይቆይ ከየወረዳው የሚላክ ሪፖርት ሁሉ ጠፋ ተባለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማጣሪያውን ያስተማርኩት በእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ነበር፣ ወላይትኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለእሱ ዝም ብሎ የፊደል ኮተት ነው፣ አገሬውን በሙሉ ስፓም አድርጎልኝ ቁጭ አለ!

እኔ ወላይትኛ ብሰማም ማንበብ ላይ ደካማ ነኝና ጸሐፊያችንን አየለችን አጠገቤ አስቀመጥኩ። እሷ የታገቱትን ታነባለች፣ «ይሄ ደህና ነው» ስትል እኔ እለቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናብ ነው፣ መብረቁ ስለበረታ የኢንተርኔቱን ገመድ በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ፣ እመኑኝ፣ ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አየለች ድንገት ማንበቧን አቆመች። መልእክቱ ለእሷ የተላከ ነው፣ የላኪውም አድራሻ የራሷ ነው።

«ምን ይላል?»

«እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ሳይመሽ ነዪ ይላል። እኔ አልጻፍኩም እኮ!»

በእኛ አገር እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መርዶ በድንገት ስለማይነገር ሰው ከሞተም በኋላ «ትንሽ አሟታል» ነው የሚባለው። እኔ የላኪን አድራሻ ማስመሰል ቀላል ማጭበርበር ነው ብዬ ላስረዳት አፌን ስከፍት ኮምፒውተሩ ጢን አለ፣ ሌላ መልእክት ገባ። ቃሉ ያው ነው። ላኪው ግን እኔ ነኝ። ገመዱን አየሁት፣ እንደተነቀለ ነው። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

«ኢየሱስ!» አለች አየለች፣ «አዬ ብቻዋን ናት!» እናቷን አዬ ነው የምትላቸው፣ ጉኑኖ ነው የሚኖሩት። ስልክ ሞከርን፣ ኔትወርክ የለም። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል በጭቃው እየተንሸራተትን ሄድን።

ስንደርስ ገና አልጨለመም። ለቅሶ የለም፣ የተሰበሰበ ሰው የለም፣ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። እናትየው በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ፣ ደህና ናቸው! አየለች ልታቅፋቸው ስትል ግን ወደ ኋላ ሸሹ።

«ደሞ ተመልሳችሁ መጣችሁ?» አሉ በአማርኛ፣ እኔን እኔን እያዩ። «ቅድም ከእሷ ጋር አንተም ነበርክ። ቦይና ቀቅዬ ሰጠኋችሁ፣ አልበላችሁም። አሞሻል፣ ተመልሰን እንወስድሻለን አላችሁ። እኔ ምንም አላመመኝ።»

ከኋላቸው ምንጣፉ ላይ ሁለት ሳህን ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ይታየኛል፣ አልተነካም።

«አዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች አየለች እያለቀሰች።

«እሷም እንዲሁ ነው ያለችው» አሉና በሩን ቀረቀሩት።

በማግሥቱ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስንት ለምነዋቸው ነው የከፈቱት። ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ጤነኛ ናቸው፣ ሌላውን ሰው አንድም አይስቱም። አየለችም በየሳምንቱ ትሄዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ እሳቸውም እንደ እንግዳ በትሕትና ያመሰግኗታል። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ «ልጅዎት እኮ ናት» ብላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ ሥራ ይዟት ነው፣ ትመጣለች» አሉኝ፣ አየለች አጠገባችን ቆማ እየሰማች።