በውኃ የተጻፈው ቃል

ማኅተም ቀራጩ መምህር ዥዋንግ በቲያንጂን ሱቃቸው፣ የማኅተም ፊት በሚፋቅበት ድንጋይ ሥር ሞተው ተገኙ። መርማሪ ፔይ በሟቹ ባልደረባ በቹ ቃል ተማምኖ ቀለም ሻጩን ሆንግን የፊጥኝ አሰረው።

«ከደጅ ሆኜ መምህር ‹ሆንግ፣ አትምታኝ!› ብለው ሲጮኹ ሰማሁ» አለ ቹ። «ስገባ ግን ወድቀዋል።»

«ኧረ የሰማይ ያለህ!» አለ ሆንግ። «ቀለምህ ቀጠነ ብለው ጽፈው መለሱብኝ፣ ተጨቃጨቅን። በዚህ ሰው ይገደላል?»

ጥፋተኛ ከተባለ ሞት ይጠብቀዋል። ፔይ ቸኩሎ ማሰሩ ከነከነው። የሱቁን ጠረጴዛ ሲዳብስ አንዱ ጥግ ብቻ ተልጦ አገኘው፤ አጠገቡ ውኃ የያዘ ሳህን አለ። ቹ ወደዚያ ጥግ ማየት አልፈለገም።

«ይኼ ምንድን ነው?» ሲል የሟቹን ልጅ ሱፌንን ጠየቃት።

«አባዬና ወንድም ቹ የሚያወሩበት ነው። ጣታቸውን ውኃ እየነከሩ ይጽፋሉ። አባዬ የደቡብ ሰው ነው፤ የዚህን አገር አፍ ሳይለምድ ሞተ።»

ፔይ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሱፌን፣ ‹ሆንግ፣ አትምታኝ› የሚለውን በአባትሽ ቋንቋ በዪው።»

አለችው። ሆንግ የገዛ ስሙን እንኳ አልለየውም።

«ቹ፣ ምን አለች?»

«እኔ እንጃ» አለ ቹ።

«አሁን ጻፊው።»

ስትጽፈው ሁሉም አነበቡት።

«የባሕር ማዶ ሰዎች ፊደል ድምፅ ይይዛል፤ የኛ ግን ሐሳብ ነው የሚይዘው» አለ ፔይ። «ለዚህ ነው ቹ፣ አንተና መምህር አፋችሁ ተለያይቶ በጣት ስትግባቡ የኖራችሁት። ታዲያ በየትኛው ጆሮህ ሰማሃቸው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ድንጋዩ ላይ ግማሽ ፊቱ የተፋቀ ማኅተም አለ፤ ጎኑ ላይ የቀራጩ ስም ተቀርጿል። ስሙ ያንተ ነው። የእጅጌህም አቧራ ከዚያው ድንጋይ ነው።» ከዚያ ሆንግን በገዛ እጁ ፈታው። «ይቅር በለኝ።»

ቹ ተንበረከከ። «ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ፋቁብኝ። ገፋኋቸው። ወድቀው እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ደጋገሙ። የረገሙኝ መስሎኝ ሸሸሁ።» ከዚያ የሰማውን ድምፅ እንዳለ አወጣው። «ምን ማለት ነው? እባክሽ እህቴ።»

ሱፌን ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ጣቷን ነከረችና በተላጠው ጥግ ላይ ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ አንሣኝ።»

ቹ አነበበው። ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ከጠረጴዛው ሥር አልተነሣም።