የደሴቱ ሳምንት

አቶ መኳንንት የተገኙት በአልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመው፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ለብሰው ነበር። ላያቸው ሰው የተኙ ይመስላሉ። ቀኑ ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ነው። የመድኃኔዓለም ክብረ በዓል በመሆኑ የቀራንዮ ሰው ታቦት ሊያነግሥ ወጥቶ መንደሩ ጭር ብሎ ውሏል። የቤቱ ሠራተኛ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጸበል ልታቀምሳቸው ገባች፤ ጩኸቷ መንደሩን ሰበሰበው።

የወንጀል መርማሪው ሻምበል ቀለመወርቅ ተጠርቶ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሰፈሩ አሥር አለቃ ግን ሥራውን ጨርሶ ነበር የጠበቀው። ባጫ የሚባለውን አናጢ የፊጥኝ አስሮ በግቢው ጥግ አንበርክኮታል። የባጫ ግራ ዓይን አብጦ ተደፍኗል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሻምበሉ።

«ገዳዩ ነው፣ ጌታዬ! ከትናንት ወዲያ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«አመነ?»

«ያምናል፣ ጌታዬ።»

«ፍታው! ገና አሟሟታቸውን ሳታውቅ ገዳያቸውን አወቅህ?»

ሻምበሉ እየተናደደ ወደ ክፍሉ ገባ። የሟቹን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አደረገው፤ ውስጡ በገዛ ጥርሳቸው ተቆርጧል። ከራሳቸው ሥር ያለውን ትራስ ገለበጠ። በታችኛው ፊት ላይ ጥፍር የምታህል የደም ጠብታ ደርቃለች። ሰውዬው በትራስ ታፍነው ነው የሞቱት። አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ ብዕርና ቀለም አለ፤ የተጻፈ ወረቀት ግን የለም።

«ከባጫ ጋር ምን አጨቃጨቃቸው?» ሲል ወርቄን ጠየቃት።

«የዚህ በር ነገር ነው። ክንዳቸው ሽቅብ አልነሣ ስላላቸው መወርወሪያውን ዝቅ አድርገህ ግጠምልኝ አሉት። ሲገጥምላቸው ደግሞ በሬን አበላሸኸው ብለው ጮኹበት። ከዚያ ምሳ አብረው በሉ። እሳቸው እንዲህ ናቸው ጌታዬ፤ ይጮኻሉ፣ ያበላሉ።»

የክፍሉ በር የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ግቢው ነው። ድሮ በትከሻ ትይዩ የነበረው ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኗል። መወርወሪያውን ከውጭ የምትስበው ጠፍር አሁን የምትወጣው ከጉልበት በታች፣ ከመቃኑ ጥግ ተሸሽጋ ነው። ሻምበሉ በሩን ዘግቶ መልሶ ሊከፍት ቢሞክር ጠፍሯን አጣት፤ በመጨረሻ ወርቄ አሳየችው።

«ቤተሰብ አላቸው?»

«አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ዘመነች። ከባሏ ከአቶ ወንድሙ ጋር ለመዝናናት ምጽዋ ወርደዋል፤ ከዚያም በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ተሻግረዋል። ከሄዱ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው።»

ቴሌግራም ተላከ። አቶ መኳንንት በማግሥቱ ተቀበሩ። ባልና ሚስቱ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ዘመነች ከታክሲ እንደ ወረደች ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠውን ለቀስተኛ አላየችም፤ በቀጥታ ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። እጇን በለመደችበት ብትሰድድ የተደፈነ እንጨት መታት።

«አባዬ! አባዬ!» እያለች በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።

ወንድሙ ከኋላዋ ደርሶ በአንድ እጁ አቀፋት። ጎንበስ ብሎ በሌላ እጁ ጠፍሯን ሳበና በሩን ከፈተላት። ከድንኳኑ ጠርዝ ቆሞ የነበረው ሻምበል ቀለመወርቅ ይህን አየ።

በማግሥቱ ዘመነችን ለብቻዋ አነጋገራት። ፊቷ በባሕር ፀሐይ ጠቁሮ አፍንጫዋ ተልጧል።

«አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እሳቸው ትንፋሽ ሲያጡ እኔ አሸዋ ላይ ተጋድሜ ዛጎል እቆጥር ነበር። ደግሞ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሻምበል! ከተጋባን አራት ዓመት፣ ወንድሙ ሁልጊዜ መንገደኛ ነው፤ ለሚሠራበት ድርጅት ዕቃ ሊገዛ በየወሩ አሥመራ ይወጣል። አንድ ሳምንት ሙሉ ለእኔ ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።»

«ሳምንቱን ሙሉ አልተለያያችሁም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለጀልባው ዓሣ ሊያስጠምደው ወስዶት አድሯል።»

«መቼ?»

«በመድኃኔዓለም ዕለት ጎህ ሲቀድ ወጣ፤ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ከመቅዘፊያና ከመረብ በቀር ምንም በሌላት ጀልባ ያን ማጥመዱ ገርሞኛል። ሆዱ ተጠርጎ፣ በረዶው እንኳ ገና አልለቀቀውም ነበር። ‹አጠመድከው ወይስ ገዛኸው?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

ሻምበሉ አመስግኖ ተነሣ። ወርቄን ከጓሮ አገኛት።

«እህቴ፣ ከመሄዳቸው በፊት በሽማግሌውና በአማቻቸው መካከል የተፈጠረ ነገር ነበር?»

ወርቄ ዙሪያዋን ቃኘች። «በመሄጃቸው ዋዜማ አቶ ወንድሙን ለብቻው ጠርተው፣ ‹ስትመለሱ አንተው ራስህ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ሲሉት ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ለልጃቸው ደብዳቤ ሲጽፉ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አሁን የለም።»

ሻምበሉ በዚያው ቀን ወደ ምጽዋና ወደ አሥመራ ፖሊስ ስልክ ደወለ።

በሰባተኛው ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ ዘመነችን፣ ወንድሙን፣ ወርቄን፣ ባጫንና አሥር አለቃውን በግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። የባጫ ዓይን አልተከፈተም።

«አቶ ወንድሙ፣ ከምጽዋ በመጣህ ዕለት የአማትህን በር የከፈትክ አንተ ነህ። ጠፍሯ ከታች እንደ ወረደች ማን ነገረህ?»

ወንድሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «ወርቄ ነግራኛለች።»

«እኔ? ያን ለት መቼ ተነጋገርን?» ብላ ወርቄ ብድግ አለች።

«እንግዲያው አይቻት ይሆናላ።»

«እኔ አጠገቧ ቆሜ አጥቻታለሁ» አለ ሻምበሉ። «ልጃቸው እንኳ አላገኘቻትም። በሩ የተለወጠው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዚያ መሃል እዚህ መጥተሃል አልኩ። ግን አንተ የነበርከው ደሴት ላይ ነው። የጠፋኸው በአንድ ቀን ብቻ፣ አማትህ በሞቱበት ቀን ነው። ዓሣ አጥምጄ መጣሁ ብለሃል። መቅዘፊያና መረብ ብቻ ባላት ጀልባ በረዶ ከየት ይመጣል? ያን ዓሣ የገዛኸው ከከተማ ነው።»

«ይህ ግምት ነው፣ ሻምበል!»

«እዚህ ድረስ ግምት ነበር። ባለጀልባው ግን ምጽዋ ወደብ እንጂ ዓሣ ማጥመጃ አልወሰድኩትም ብሎ ፈርሟል። የዚያን ዕለት ከአሥመራ አዲስ አበባ የበረረው አውሮፕላን መዝገብ ላይ ስምህ አለ፤ በማግሥቱ ጠዋት በተመለሰውም ላይ አለ። ማን ይጠይቃል ብለህ ስምህን እንኳ አልለወጥክም! የቀራንዮ ሰው በበዓሉ ቀን የት እንደሚውል፣ ከቤት መውጣት ያቃታቸው ሽማግሌ ብቻቸውን እንደሚቀሩ ታውቃለህ። አንኳኳህ። ‹ጠፍሩ ከታች ነው› ብለው የመሩህ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ በገዛ ትራሳቸው አፈንካቸው፤ ደብዳቤውንም ወሰድክ።»

ዘመነች ባሏን አልተመለከተችም። «ደብዳቤው ምን ይል ነበር?»

«የአሥመራ ፖሊስ እንደ ደረሰበት፣ አሥመራ በሰማኒያ ያገባት ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው።»

«ለመንኳቸው!» ብሎ ወንድሙ ጮኸ። «ጊዜ ይስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ! አልሰሙኝም!»

«ዝም በል!» አለች ዘመነች። ድምፅዋ ሁሉንም አስደነገጣቸው። «ባሕር ያሳየኸኝ ለዚህ ነው? አሸዋ ላይ አስተኝተኸኝ የመጣኸው አባቴን ልትገድል ነው? እኔ ሚስት ነበርኩ ወይስ ምስክር? በማግሥቱ እኮ በዚያው እጅህ አጉርሰኸኛል!»

አሥር አለቃው ካቴናውን አውጥቶ ወንድሙን ሊያስረው ሲነሣ ባጫ ከተቀመጠበት ተናገረ።

«እሱስ ታሰረ። የእኔን ዓይን ማን ያበራልኛል?»

ሻምበሉ ወደ አሥር አለቃው ዞረ። «ካቴናውን ለእኔ ስጠኝ። አንተ ይህን ሰው አሁኑኑ ሐኪም ቤት ትወስደዋለህ፤ ከዚያ ጣቢያ ገብተህ ምን እንዳደረግኸው በገዛ እጅህ ጽፈህ ታቀርባለህ። ስምህ በክሱ ውስጥ ይገባል።»

ወንድሙን ወደ መኪናው ሲወስዱት ዘመነች አላለቀሰችም። ሻምበሉን ተከትላ እስከ አጥሩ በር ወጣች።

«ያቺ ሴት ስሟ ማን ነው?»

«ኮከብ ይሏታል።»

«ስለ እኔ ታውቃለች?»

«አታውቅም። የአሥመራ ፖሊስ ነገ ይነግራታል።»

«አይነግራትም! በልጆቿ ፊት ፖሊስ በሯን ደብድቦ እንድትሰማ አልፈልግም። እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ያስቆዩልኝ።»

«ወይዘሮ ዘመነች፣ ገና ሰባት መውጣታችሁ ነው። ሐዘንተኛ ነሽ።»

«ሐዘኔን ይዤው እሄዳለሁ» አለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጠቀች። «የአሥመራ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»